ቀዩ ለምን አረንጓዴ ሆነ? ልደታ በረንዳ ላይ ስማቸው የጠፋባቸው ስድስት የዝንብ ወጥመዶች

ጥያቄው የመጣው በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። ቦታው ልደታ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ የሰጠ በረንዳ። በረንዳው ላይ 40 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ትሪ ውስጥ ስድስት የዝንብ ወጥመድ ተክሎች፣ ማለትም በቅጠላቸው ጫፍ ባለ እንደ ሁለት ከንፈር በሚገጥም ወጥመድ ነፍሳት የሚይዙ ተክሎች፣ በየፖታቸው ተደርድረዋል። አምስቱ ባለስም ናቸው፦ አካይ ሪዩ፣ ሮያል ሬድ፣ ቢ 52፣ ጀስቲና ዴቪስ እና ዴንቴት ትራፕስ። ስድስተኛው ከዘር የበቀለ፣ ስም ያልወጣለት ነው። ጥር ላይ ወደ በረንዳው ሲመጡ ሁለቱ ከሥር እስከ ጫፍ የበርበሬ መልክ ነበራቸው፤ አንዱ ደግሞ ለወጥመዱ ትልቅነት ተብሎ የተገዛ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ግን ስድስቱም አረንጓዴ ሆነው፣ ቅጠላቸው ረዝሞ፣ ወጥመዳቸው አንሶ ተገኙ። ስም የተጻፈባቸው የፕላስቲክ ቁራጮችም ጽሑፋቸው ለቆ ነጭ ሆነዋል። የባለቤቷ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ተታልዬ ነው ወይስ ታመውብኝ? ደግሞስ አሁን የትኛው የትኛው ነው?»

አልተታለሉም። ታመው የነበረው በከፊል ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ስምንት ወር ፈጅቷል፤ በሁለቱ ላይ ደግሞ እስከ መጨረሻው መልስ አልተገኘም።

ስሙ የማን ነው

የዝንብ ወጥመድ፣ በሳይንስ ስሙ ዲዮኒያ ሙሲፑላ፣ በዓለም ላይ አንድ ዝርያ ብቻ ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለው በአሜሪካ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ባሕር ዳር አቅራቢያ፣ ዊልሚንግተን ከተማ ዙሪያ ባለ ውኃ የቋጠረ፣ ምግብ የሌለው፣ ጎምዛዛ አሸዋማ አፈር ላይ ነው። የሰሜን ካሮላይና ገዢ የነበረው አርተር ዶብስ እ.ኤ.አ. በ1759 እና በ1760 በጻፋቸው ደብዳቤዎች ነው ተክሉ መጀመሪያ በጽሑፍ የሚታወቀው። ጀስቲና ዴቪስ የተባለው ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ገዢ ወጣት ሚስት ነው።

እንግዲህ አምስቱ ስሞች አምስት ዝርያዎች አይደሉም። በአንድ ዝርያ ውስጥ አንድ ሰው አንድን ተክል ከሌሎቹ ለይቶ፣ በሆነ ጠባዩ መርጦ፣ ስም አውጥቶ ያባዛው ነው። በዓለም ደረጃ እነዚህን ስሞች የሚመዘግበው ዓለም አቀፉ የሥጋ በል ዕፅዋት ማኅበር ነው። ዋናው ነገር ስሙ የሚተላለፈው በአካል መሆኑ ነው። ከእናቲቱ ተከፍሎ፣ ከቅጠሏ ተቆርጦ ወይም በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም በቤተ ሙከራ ከአካሏ ቅንጣት፣ ተባዝቶ የወጣው ልጅ ያው እርሷ ነው፤ ስሙን ይይዛል። ከዘሯ የበቀለው ግን ሌላ ተክል ነው። ከአካይ ሪዩ ዘር የበቀለ ቡቃያ ቀይ ሊሆን ይችላል፣ አረንጓዴም ሊሆን ይችላል፤ አካይ ሪዩ ተብሎ ግን አይጠራም። ስድስተኛው ፖት ስም ያልነበረው ለዚህ ነው። መልኩ ግን ከቢ 52 ጋር ለማምታታት በቂ ነበር።

የአምስቱ ጠባይ ባጭሩ ይህ ነው። አካይ ሪዩ፣ በጃፓንኛ «ቀይ ዘንዶ» ማለት ነው፣ በቂ ብርሃን ካገኘ ወጥመዱም የቅጠሉ አገዳም ጭምር ደም ይመስላል። ሮያል ሬድ የአውስትራሊያ ነው፤ እሱም ሙሉ ቀይ። ቢ 52 አገዳው አረንጓዴ፣ የወጥመዱ ውስጥ ደማቅ ቀይ ሆኖ፣ ሲመቸው ወጥመዱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ተራው ተክል ጎልምሶም ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ጀስቲና ዴቪስ በየትኛውም ፀሐይ ቢቀመጥ ከውስጥም ከውጭም አረንጓዴ ነው። የዴንቴት ትራፕስ ልዩነቱ ጥርሱ ላይ ነው፤ የሌሎቹ ጥርስ እንደ ቅንድብ ፀጉር ረጅምና ቀጭን ሲሆን የእሱ አጭርና ሦስት ማዕዘን ነው።

ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ሄዳ ነበር

በባለቤቷ ስልክ ላይ ያሉት ፎቶዎች ለምርመራው ትልቅ እገዛ አደረጉ። የየካቲቱ ፎቶ ላይ ሁለቱ ቀያዮች አብረቅራቂ ናቸው። የግንቦት መጀመሪያው ፎቶ ላይ ከመሐል የወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ሐመር አረንጓዴ ሲሆኑ የድሮዎቹ ገና ቀይ ናቸው። ይህ ልብ ሊባል ይገባል፤ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ገና ክረምቱ አልገባም፣ ሰማዩም አብዛኛውን ቀን ክፍት ነው። ስለዚህ «ደመናው ነው ቀለሙን የወሰደው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 22 አካባቢ፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው አራት ወር ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ከጠዋት እስከ ማታ በሰሜን በኩል ናት። ፊቱን ወደ ደቡብ የሰጠ፣ ከላዩ የጎረቤት በረንዳ የከደነው በረንዳ በዚያን ጊዜ አንድም ቀጥተኛ ጨረር አያገኝም። ከመጋቢት 11 ጀምሮም ቢሆን ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል የሚደርሰው የቀትር ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በረንዳው ጥር ላይ በፀሐይ ተጥለቅልቆ ስላዩት «ጥሩ ፀሐይ አለው» ብሎ መደምደም እዚህ ከተማ ውስጥ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ፀሐይዋ በረንዳውን በለቀቀችበት ወቅት ደመናው ተጨመረ፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ተክሎቹ በተከታታይ ሁለት ድርቅ መቷቸዋል፤ የውኃ ሳይሆን የብርሃን።

ቀዩን ቀለም የሚሰጠው አንቶሲያኒን የተባለ ቅመም ነው፤ ተክሉ በብርቱ ብርሃን ሲመታ በቅጠሉ ቆዳ ውስጥ ያከማቸዋል። ብርሃኑ ከደከመ አያመርትም፣ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ቅመም፣ ክሎሮፊል፣ ብቻ ይታያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስላለች በጋ ላይ ፀሐይዋ ስለታም ናት፤ እዚህ የሚቀላ ተክል ከብዙ የቆላ ከተማ ይበልጥ ይቀላል። ክረምት ላይ ደግሞ ይኸው ተክል የአበሻ ጎመን ይመስላል። በተጨማሪም ተክሉ ብርሃን ሲያጣ ፍለጋ ይወጣል፤ አገዳው ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ወጥመዱ ግን ያንሳል። የአገዳው መስፋት ብልህ መልስ ነው፤ ተክሉ ሥጋ ማጥመዱን ትቶ ብርሃን መልቀሙን አስቀድሟል። የቢ 52 ትልቅነት የጠፋው አንድም በዚህ ነው።

አንድም በአበባው። የካቲት መጨረሻ ላይ ከቢ 52 መሐል ረጅም የአበባ ዘንግ ወጥቶ ነበር፤ ስላማረ ተተወ፣ አበበ፣ ዘር ሊቋጥር ሞከረ። የአበባ ዘንግ ከዚህ ተክል ብዙ ስንቅ ይወስዳል፤ ቀጥሎ የሚመጡት ወጥመዶች ለወራት ያንሳሉ። ዘሩ ካልተፈለገ ዘንጉ 5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ በንጹሕ መቀስ ይቆረጣል። የተቆረጠው አይጣልም፤ ፒት ሞስ በሚባለው የረግረግ ዕፅዋት ብስባሽ ላይ ቢሰካና እርጥበቱ ቢጠበቅ ብዙ ጊዜ ከግርጌው አዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ ያም ቡቃያ ሙሉ ስሙን የያዘ ነው።

የሻይ ማንኪያ ጨው

በሽታው ያለው ውኃው ላይ ነው። በክረምት የተጠራቀመው የዝናብ ውኃ መጋቢት ላይ አለቀ፤ ከዚያ እስከ ሐምሌ ከሕንፃው ሮቶ የመጣ ውኃ ተሰጣቸው። በውኃ ውስጥ የሟሟ ማዕድንን በሚያሳይ የቲዲኤስ መለኪያ ሲለካ 210 ፒፒኤም ነበር። ለሰው ምንም አይደለም። ለዚህ ተክል ግን ከ50 በታች መሆን አለበት። የከተማው ውኃ ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው የግድብ ውኃ ሲሆን ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከመሬት ውስጥ የወጣ፣ ማዕድን የበዛበት ነው። ስለዚህ ዛሬ ለክቶ ለዓመት መተማመን አይቻልም።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚጠራቀም በሒሳብ ይታይ። ከዚያ ትሪ በደረቅ ወቅት በቀን 0.6 ሊትር ያህል ውኃ ይተናል። 210 ፒፒኤም ማለት በአንድ ሊትር ውስጥ 210 ሚሊ ግራም ማዕድን ነው። ውኃው ይተናል፣ ማዕድኑ ይቀራል። በ60 ቀን ውስጥ ከ7 ግራም በላይ ሆነ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ከሚሞላው የበለጠ፣ ምግብ በሌለው አፈር ለሚኖር ተክል። በረንዳው ጣሪያ ስላለው የክረምቱ ዝናብ ወርዶ አላጠበውም።

ምልክቱም ግልጽ ነበር። የዚህ ተክል ቅጠል አርጅቶ ሲሞት ከውጭ በኩል ይጠቁራል፤ ያ ጤና ነው። እዚህ ግን ገና ያልተከፈቱ የመሐል ወጥመዶች ጫፋቸው ጠቁሮ፣ ጥቂቶቹም ጠማማ ሆነው ይወጡ ነበር። በፖቶቹ አፍ ዙሪያም ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። ቅርፊቱ ጣት ላይ ሲፈገፈግ እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ይተው ነበር።

ሦስተኛው በደል ትንሽ ነው፤ ሐምሌ ላይ «ይበርታ» ተብሎ ለሁለት ወጥመዶች ጥሬ ሥጋ ተሰጠ። ሁለቱም በሰበሱ። ወጥመዱ የሚፈጨው የሚንፈራገጥ ነገር ሲያገኝ ነው። በእያንዳንዱ ከንፈሩ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቀስቃሽ ፀጉሮች አሉ፤ በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲነኩ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ውስጡ ያለው ነፍሳት እየተንፈራገጠ ፀጉሮቹን ደጋግሞ ሲነካ፣ ንክኪው አምስት ያህል ሲደርስ፣ ያን ጊዜ የመፍጫ ፈሳሽ ማመንጨት ይጀምራል። ሥጋ አይንቀሳቀስም፤ ስቡም ይሸታል፣ ሻጋታ ይጠራል። የልደታ በረንዳ ላይ ዝንብ አይጠፋም፤ ተክሉ ራሱ ያጠምዳል። መስጠት ግድ ከሆነ ከወጥመዱ ርዝመት ሲሶ የማይበልጥ ነፍሳት ይበቃል።

ስም ሳይገምቱ መጀመር

የፕላስቲክ ቁራጮቹ ጉዳይ አሳዛኝ ነው። በማርከር ተጽፈው ነበር፤ አይጠፋም የሚባለው ማርከር በዚህ ከፍታ ፀሐይ ስምንት ወር አይቆይም። አፈር ውስጥ የተሰካው ጫፋቸው ጥላ ስለነበረ በአንዱ ላይ የመጨረሻ ሁለት ፊደሎች ይታያሉ፤ ግን ነሐሴ ላይ ትሪው ሲታጠብ ሁሉም ተነቅለው እንደገና ስለተሰኩ የየትኛው ፖት እንደነበረ የሚመሰክር የለም። እዚህ ላይ ፈተናው መገመት ነው። «ይሄ ትንሽ ቀላ ይላል፣ አካይ ሪዩ ይሁን» ተብሎ ከተጻፈ ስሕተቱ ከሚከፈሉት ልጆች ጋር ወደ ሰው ቤት ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ ስም ቀርቶ ቁጥር ተሰጣቸው፣ ከ1 እስከ 6። ቁጥሩ የተጻፈው ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ ላይ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ተጭኖ ነው፤ የተቀረጸ እንጂ የተቀባ ስላልሆነ ፀሐይ አያጠፋውም። ፕላስቲክ ላይ ከሆነ እርሳስ ከማርከር ይሻላል።

ከዚያ ማጠብ። መስከረም ላይ ዝናቡ ገና ስላልቆመ ውኃ ሞልቶ ነበር። ለእያንዳንዱ ፖት 2 ሊትር የዝናብ ውኃ ቀስ እያለ ከላይ ፈሰሰለት፣ በሦስት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ። ከሥር የሚወጣው ውኃ በመጀመሪያው ቀን 480 ፒፒኤም ነበር፤ በሦስተኛው 70። ትሪውም ተፈግፍጎ ታጠበ።

የበጋው ውኃ ስንቅ በዚሁ ሳምንት ተያዘ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው 150 ቀን በ0.6 ሊትር ሲባዛ 90 ሊትር ይሆናል፤ መጠባበቂያ ተጨምሮ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ቀላሉ መንገድ ሰፊ የልብስ ሳፋ ሰማይ በሚያየው ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ከአሸንዳ የሚቀዳ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራ እስኪያጥቡ ይለቀቃሉ፤ የዛገ ቆርቆሮ ጣሪያ ግን ጨርሶ ባይቀዳበት ይመረጣል። ጀሪካኑ ተከድኖ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ አለበለዚያ አልጌ ያበቅላል፣ ቢንቢም ያራባል። ዝናብ ካለቀ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ማዕድኑን በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ፣ የተጣራ ውኃ ይሆናል። የታሸገ የማዕድን ውኃ አይሆንም። ውኃ ማፍላትም አይበቃም፤ ከማዕድኑ ከፊሉ ዝቃጭ ሆኖ ቢወርድም ሌላው ውኃው ውስጥ ይቀራል።

አፈሩ እኩል ክፍል ፒት ሞስና ፐርላይት፣ አፈር የሚያናፍስ ነጭ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ፣ ነበር። ፒት ሞሱ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ለአትክልት ችግኝ ማፍያ የሚሸጠው አብዛኛው ኖራና ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ነው፣ ይህን ተክል ይገድለዋል። ከመግዛት በፊት ከረጢቱን ማንበብ፣ ካልተቻለ አንድ ኩባያ ፒት በአንድ ሊትር የዝናብ ውኃ ውስጥ አሳድሮ መለካት ነው። ውኃው ከራሱ ቁጥር በመቶ ፒፒኤምና ከዚያ በላይ ከጨመረ ፒቱ ይቅር። የጓሮ አፈር፣ ፍግ፣ ኮምፖስት በምንም መልኩ አይገቡም። የኮኮናት ገለባ ጨው ስላለው ደጋግሞ ካልታጠበ አያስተማምንም።

አንድ ዓይነት ብርሃን፣ አንድ ዓይነት ቦታ

ሁለት ተክል ለማነጻጸር ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ነገር አንድ መሆን አለበት። ትሪው ከበረንዳው ወለል ተነሥቶ 1 ሜትር ከፍታ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ከአጥሩ ጠርዝ ጋር ተገጠመ። ልኩ የራሱ ምክንያት አለው። የላይኛው በረንዳ ወለል ከመደርደሪያው 1.6 ሜትር ከፍ ይላል። መስከረም 12 ላይ የቀትር ፀሐይ 81 ዲግሪ ስለሆነች ወደ ውስጥ የምትዘልቀው 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ 58 ዲግሪ ገደማ ስትወርድ አንድ ሜትር ትገባለች። ትሪው ድሮ የነበረበት ከግድግዳው ሥር ያለው ቦታ ጥር ላይ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የነበረው፣ መስከረም ላይ የሌለው በዚህ ነው።

የትሪው ሁለት ጠርዞች እንኳን እኩል አይደሉም። በየእሑዱ ፖቶቹ አንድ አንድ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ውኃው ለሁሉም 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ሲያልቅ አንድ ቀን አሳድሮ እንደገና። አበባ ለሁሉም ይቆረጣል። ምግብ በእጅ ለማንም አይሰጥም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከጥቅምት 1 በፊት የተከፈተ ቅጠል አይቆጠርም። ወጥመድ ቀለሙንም መጠኑንም የሚይዘው ባደገበት ጊዜ ባገኘው ብርሃን ነው፤ በጨለማ ያደገ ቅጠል ፀሐይ ላይ ቢወጣ ጥቂት ይቀላ ይሆናል እንጂ አይተልቅም። የድሮዎቹ ቅጠሎች አገዳቸው ላይ በጥቁር ክር ተለዩ። ፎቶ የሚነሣው ሁልጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ወረቀት አጠገብ ተደርጎ ነው፤ የስልክ ካሜራ ቀይን እንደፈለገ ያጋንናል፣ ነጩ ወረቀት ያጋልጠዋል።

ከጨለማ ወደ ስለታም ፀሐይ በአንድ ቀን ማውጣት ቅጠሉን ያቃጥላል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ከቀትር በኋላ ስስ ነጭ ሻሽ ተጋርዶላቸዋል።

የታየው

ፖት 3 የታወቀው ገና በመስከረም ነው፤ ከጭንቀቱ መሐል እንኳን የወጡት ወጥመዶች ጥርሳቸው አጭርና ሦስት ማዕዘን ነበር። ዴንቴት ትራፕስ። ቅርጽ በብርሃን አይገዛም። ሆኖም የተበላሸ አንድ ወጥመድም ጥርሱ አጭር ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል በተከታታይ አምስት ወጥመድ እስኪታይ ተጠብቋል።

ኅዳር አጋማሽ ላይ 4 እና 6 መቅላት ጀመሩ፣ ከወጥመዱ ውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ወደ አገዳው። የሌሊቱ ቅዝቃዜም አግዟል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ብርድና ብርሃን ሲገናኙ ቀለሙ ይበረታል። 1 እና 5 ውስጣቸው ቀላ፣ አገዳቸው አረንጓዴ ቀረ። 2 ምንም አልተለወጠም። ታኅሣሥ 20 ላይ የፖት 2 አንድ ወጥመድ በስልክ ካሜራ ተቀርቦ ታየ፤ ጎረቤቶቹ ወይን ጠጅ በመሰሉበት ሰሞን የእሱ ከንፈር ውስጥ እንደ ሎሚ ልጣጭ አረንጓዴ ነው፣ በሌሎቹ ላይ ቀይ ነጥብ ሆነው የሚታዩት የመፍጫ ዕጢዎች እንኳን ቀለም የላቸውም። በዚያ ፀሐይ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ጀስቲና ዴቪስ። በመስከረም ግን እሱን ከአካይ ሪዩ በቀለም መለየት አይቻልም ነበር።

ለ1 እና ለ5 ታኅሣሥ መልስ አልሰጠም። የፖት 1 ትልቁ ወጥመድ 22 ሚሊ ሜትር፣ የፖት 5 ደግሞ 21 ነበር። በብርድ ወቅት ሁሉም አጭር ቅጠል አውጥተው አፈር ላይ ይተኛሉ፣ ያንሳሉ፤ ትልቅነት የሚለካው በእድገት ወቅት ነው። እድገቱ ግን የሚመጣው ፀሐይዋ በረንዳውን በምትለቅበት ጊዜ ስለሆነ ከመጋቢት 1 ጀምሮ 30 ዋት ነጭ ኤልኢዲ ፓውዛ ከቅጠሎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቀለ፣ በቀን 13 ሰዓት በሰዓት ቆጣሪ። ሐምራዊው የተክል መብራት አልተመረጠም፤ ይሠራል፣ ግን በሥሩ ቀለም ማየት አይቻልም። ሚያዝያ 30 ላይ በእያንዳንዱ ፖት ሦስት ትላልቅ ወጥመዶች በክር ተለክተው ክሩ ማስመሪያ ላይ ተዘረጋ። ፖት 1፦ 43፣ 41 እና 40 ሚሊ ሜትር። ፖት 5፦ 27፣ 26 እና 25። ፖት 1 ቢ 52፣ ፖት 5 ስም የለሹ።

ይህ አካሄድ የሠራው ስድስቱ እነማን እንደነበሩ በግዢው ዝርዝር ላይ ስለተጻፈ ነው። ምንጩ ያልታወቀ አንድ ትልቅ ወጥመድ ያለው ተክል ቢሆን ኖሮ 43 ሚሊ ሜትር ቢ 52 አያሰኘውም፤ ሌሎች ብዙ ትላልቅ ዓይነቶች አሉ። ስም ከመልክ ተነሥቶ አይመለስም።

ለዚህም ነው 4 እና 6 ያልተፈቱት። አንደኛው አካይ ሪዩ፣ ሁለተኛው ሮያል ሬድ መሆናቸው የታወቀ ነው። ፖት 6 የአንዳንድ ወጥመዶቹ ጠርዝ ላይ የክር ያህል አረንጓዴ መስመር ስለነበረው ሮያል ሬድ ነው ለማለት ያጓጓ ነበር። ነገር ግን ሚያዝያ ላይ በመብራቱ ሥር መስመሩ በ4 ላይም ታየ። ስለዚህ ሁለቱ «ቀይ 4» እና «ቀይ 6» ተብለው ቀሩ።

ወደ ሚቀጥለው ክረምት

መብራቱ እስከ መስከረም 12 አይጠፋም። መብራት ሲቋረጥ አንድ ሁለት ቀን አይጎዳቸውም፤ ሳምንት ከሆነ ቀለሙ ላይ ይታያል። በክረምቱ እርጥበት ግራጫ ሻጋታ ስለሚመጣ የጠቆረ ቅጠል በየሳምንቱ ከሥሩ ይቆረጣል፣ ፖቶቹም አይነካኩም።

ያልተፈታ አንድ ነገር የዕረፍት ወቅት ነው። በትውልድ ቦታው ተክሉ ለሦስት ወር ያህል በብርድና በአጭር ቀን ይተኛል። አዲስ አበባ ሌሊቱን ትሰጠዋለች፣ ቀኑን ግን አትሰጠውም፤ በታኅሣሥም ቀኑ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አለው፣ ቀትሩም ሞቃት ነው። ተክሎቹ ያዘግማሉ እንጂ አይተኙም። ለዓመታት ያለ ዕረፍት የቆየ ተክል እየደከመ ስለሚሄድ በዚህ ዓመት ለንጽጽር ሲባል የቀረው በ2018 ይደረጋል፦ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከአፈር ነቅሎ፣ ሥሩን በዝናብ ውኃ አጥቦ፣ የሞተ ቅጠል አስወግዶ፣ ስፋግነም ሞስ በሚባል ውኃ የሚይዝ፣ ተጨምቆ እርጥብ በሆነ የረግረግ ተክል ጠቅልሎ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ባለው የፍሪጅ መደርደሪያ ላይ እስከ ጥር መጨረሻ። በየሁለት ሳምንቱ ሻጋታ ይታያል። ስድስቱ በአንድ ጊዜ አይገቡም፤ ፍሪጁ ቢበላሽ ሁሉም እንዳይሄዱ መጀመሪያ ሦስቱ።

መክፈሉ የሚሆነው ሲወጡ፣ በአዲስ አፈር ሲተከሉ ነው። ሽንኩርት የሚመስለው ነጭ ሥር ሁለት ቦታ አናት አውጥቶ ከሆነ በእጅ ቀስ ብሎ ይለያያል። አዲስ ዓይነት ከውጭ ማስመጣት ለሚፈልግ ደግሞ፣ የዝንብ ወጥመድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ላይ ስላለ የላኪው አገር ፈቃድ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የአገር ውስጥ የማስገቢያ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ከተፈጥሮ የተነቀለ እንዳይሆንም መጠየቅ ነው፤ በሰሜን ካሮላይና ከዱር መንቀል እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው።

ከቀይ 4 የተከፈለ ልጅ ለሰው ሲሰጥ ቆርቆሮው ላይ የሚጻፈው «ቀይ 4፣ አካይ ሪዩ ወይም ሮያል ሬድ፣ ልደታ» ነው።